የእመት ቆቅ ፍም

ተረት ልንገራችሁ፤ ብርድ ስለሆነ ጠጋ ጠጋ በሉ።

አንበሶችና ጅቦች ተዋግተው ዱሩን ዶግ አመድ ባደረጉት ጊዜ ክረምት ገባ። ዝሆን ቤት ለፈረሰባቸው ብሎ አንድ ክምር ፍም ላከ። አዳዩ ዝንጀሮ ነበር፤ ሥርዓት ይወዳል።

"በጣም የበረደው ይቅደም! ተንቀጥቀጡና ልያችሁ!" አለ።

ቀበሮ ጥርሱን እያንገጫገጨ ሲንዘፈዘፍ ዝንጀሮ ፍሙን ሁሉ ዝቆ ሰጠው።

ባሏ ከጦርነቱ ያልተመለሰላት ቆቅ ጫጩቶቿን ታቅፋ ጥግ ይዛለች።

"እመት ቆቅ፣ አንቺ እኮ ፍንክች አላልሽም!"

"አያ ዝንጀሮ፣ እኔ ከተንቀጠቀጥኩ ልጆቼ ምን ይሙቁ?"

"እንግዲያው አልበረደሽም" ብሏት ሄደ።

ቆቅ ሆዬ የተረፈውን አመድ ጫር ጫር ብታደርገው፣ ከሥር ተዳፍና የቆየች አንዲት ፍም አገኘች። ጭራሮ ለቃቅማ አቀጣጠለቻት።

በማግስቱ ዝናቡ ዶፉን ሲያወርደው፣ ፍሙን ሳያዳፍን ተኝቶ የጠፋበት ቀበሮና ለራሱ ማስቀረት የረሳው ዝንጀሮ ገል ይዘው እሳት ሊጭሩ ቆቅ ደጅ ቆሙ። ዝንጀሮ አሁን ከልቡ ይንቀጠቀጣል።

"ግቡ" አለች ቆቅ። "እዚህ ቤት ሳይንቀጠቀጡም ይሞቃል።"

እኔም ተረቴን አዳፍኜዋለሁ፤ የበረደው መጥቶ ይጫር።