በሰው እጅ የተላከ ኢፍጣር

በግንብ በታጠረች አንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ በድሩ የሚባሉ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ንግዳቸው የከተማዋን ቆሻሻ በሁለት ገልባጭ መኪና ማስጠረግ ነው። በሥራቸው ሊቀልድ የሚሞክር ሲኖር "ንጽህና የኢማን ክፍል ነው፤ እኔ የእናንተን ኢማን አጓጉዛለሁ" ይሉት ነበር። ሰላታቸውን የሚጠብቁ፣ ሰደቃቸውን የማይቆጥሩ፣ በጀመዓው የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ።

መኪኖቹ ጭነታቸውን ከግንቡ ውጭ ነስሩ በሚባል ሰው መጋዘን ደጃፍ ያራግፋሉ። ነስሩ ቆሻሻውን ያስለያል፣ ሃይላንዱን ያሳጥባል፣ ሰኞ ሰኞ ንጹሑን ፕላስቲክ በማዳበሪያ ሞልቶ ለሐጂ ያስረክባል። እሳቸውም ለፋብሪካ ይሸጡታል። በስድስት ዓመት ውስጥ ነስሩ አንዲት ሰኞ አልዘገየም። ሐጂ ስለዚህ ሁልጊዜ "ባረከላሁ ፊክ" እያሉ ይመርቁታል። በዚያ ግማት ውስጥ ሠራተኛው እንዴት ሳይለቅ እንደሚቆይ ግን ጠይቀው አያውቁም።

በረመዳን ጁሙዓ ጁሙዓ ሐጂ አብሯቸው የሚሠራውን ሁሉ፣ ሾፌሩንም ጫኙንም፣ በቤታቸው ያስፈጥራሉ። የነስሩ ሠራተኞች ግን አንድም ቀን አልመጡም። ነስሩ "ጠረናችን ሰው ያስቸግራል ብለው ያፍራሉ" ይላል። ሐጂ ያዝኑና ሹርባውንም ሳምቡሳውንም በእሱ እጅ ይልኩላቸዋል። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ የላክነው ከደረሰ ግዴታችን ያለቀ ይመስለናል።

በስድስተኛው ረመዳን ነስሩ ለጉዳይ ሌላ አገር ሄደ። ሐጂ ምግቡን ራሳቸው አስይዘው፣ ለመግሪብ ሰላት ጥቂት ሲቀር መጋዘኑ ደረሱ። በሩ ከውጭ በብረት ተቀርቅሯል። ብረቱን አንስተው ሲገቡ አሥራ አንድ ሰዎች በሃይላንድ ክምር መሐል ተቀምጠው አዛን ይጠብቃሉ።

ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ሐጂ "በየረመዳኑ ስጠራችሁ ለምን ቀራችሁ?" አሉ።

ሰዓዳ የምትባል ሴት መለሰች። "ማን ጠራን ሐጂ? ብንጠራስ መች እንወጣለን? ምለናል እኮ።"

ነስሩ ሰዎቹን የሚያመጣቸው ከሩቅ ገጠር ነበር። ገና እንደደረሱ በሩን ይዘጋና የቁርኣን ሙስሐፍ ያስጨብጣቸዋል፤ እሱ ሳይፈቅድ ከዚያ ደጅ ላይወጡ ያስምላቸዋል። ያልማለ ውኃ አይሰጠውም። ሰዓዳ ከማለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። እናቷ በጠና መታመማቸው ሁለት ጊዜ ተነግሯታል፤ ሁለቴም ነስሩን ለምና እምቢ ብሏታል።

"በሩ አሁን ክፍት ነው፣ ልጄ" አሏት ሐጂ።

"በሩስ ምን አለው ሐጂ? የያዘኝ በአላህ ስም የማልኩት ነው። ወጥቼ ቅጣቱ በእናቴ ላይ ቢወርድስ?"

ሐጂ ከሰዎቹ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያም "ዑለሞቻችን፣ ተገዶ የማለ ሰው መሐላው አያስረውም ይላሉ" አሉ። "ልባችሁ ካልረጋ ደግሞ መሐላ ካፋራ፣ ማስተሰረያ አለው። ለአንዱ መሐላ አሥር ሚስኪን ማብላት ነው። ከፈቀዳችሁልኝ የሁላችሁንም እኔ አበላለሁ።"

ሁሉም ፈቀዱ፤ ተከትለዋቸውም ወጡ። በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ መቶ አሥር ሚስኪን በሐጂ ግቢ በላ። ሰዓዳ የመጨረሻው ሚስኪን በልቶ ሲነሳ በዓይኔ ካላየሁ ብላ ጠበቀች፤ ጎህ ሲቀድም አውቶቡስ ተሳፈረች።

ነስሩ ተመልሶ መጣ። አላፈረም።

"ሰኞ ሰኞ ንጹሕ ዕቃ ያሉኝ እርስዎ ነዎት" አለ። "በዚህ ግማት ሰው ወዶ ዓመት የሚቀመጥ መስሎዎት ነበር? ዒድ እስኪያልፍ እንኳ ይታገሡኝ። መኪናዎ የት ሊያራግፍ ነው? ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን ይነጥቅዎታል።"

"ይንጠቀኝ" አሉ ሐጂ። "በአንተ ደጅ ከእንግዲህ አንዲት ማዳበሪያ አትራገፍም። ላደረግኸው ለዳኛ መልስ ትሰጣለህ፤ እኔም ምስክር ሆኜ እቆማለሁ።"

እንደተባለውም ቆሻሻው በየመንደሩ ተከመረ፤ ማዘጋጃ ቤቱ የግማሹን ከተማ ሥራ ለሌላ ሰጠ። ሐጂ በተረፈቻቸው ሥራ የራሳቸውን መለያ ቦታ ከፈቱ፤ መዝጊያ አላበጁለትም። ከአሥራ አንዱ አራቱ በደመወዝ ተቀጠሩ፤ የቀሩት አገራቸው ገቡ። ሐጂ ፕላስቲክ ከሌላ ሰው መግዛት ሲኖርባቸው አስቀድመው ቦታው ድረስ ይሄዳሉ። ሠራተኛውን አሠሪው በሌለበት ለብቻው ጠርተው "ነገ ልሂድ ብትል ማን ይከለክልሃል?" ይሉታል። መልሱን ሳይሰሙ አይገዙም።

ከዒድ በኋላ ጀመዓው ሊያመሰግናቸው ተሰበሰበ። አንዱ ሽማግሌ "አሥራ አንድ ነፍስ ነፃ አወጡ፤ አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ" አላቸው። በዚያው ዕለት ጠዋት ግን ከሰዓዳ መልእክት ደርሷቸው ነበር። እናቷ የተቀበሩት ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሰዓዳ አገሯ ስትደርስ ያገኘችው መቃብራቸውን ነው።

ሐጂ በድሩ አለቀሱ። ከዚያም እንዲህ አሉ፦ "አታመስግኑኝ። በየረመዳኑ ምግብ ላክሁ እንጂ እግሬን አላነሣሁም።"

ይህን የምተርከው ነስሩን እንድትጠሉ አይደለም፤ እሱን መጥላት ቀላል ነው። በዳይ ስለ በደሉ ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ከየት መጣ ሳንል ስለተቀበልነው ንጹሕ ዕቃ እንጠየቃለን። በዚያ የፍርድ ቀን "አላወቅሁም" ማለት የሚያዋጣው፣ ለማወቅ ብሎ ለተራመደ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ከሐጂ ቤት እስከ መጋዘኑ በእግር ሃያ ደቂቃ ነበር።