ከአውጫጭኝ የወጣችው ዘነቡ

ቁጣ ቀድሞ ምክር ሲዘገይ የቆላው ሽማግሌዎች የሚጠቅሷት አንዲት ምሳሌ አለች። ምሳሌዋን ብዙ ሰው አሳምሮ ይናገራታል፤ የማንን ድፍረት እንደምትዘክር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ዝናቡ አቋርጦ ከርሞ በድንገት በተመለሰበት አንድ ዓመት፣ የሙሄ ሁለት በሬዎች ማሽላው በታጨደበት ማሳ ሲግጡ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ተንዘፍዝፈው ወደቁ። ሙሄ ራሱን ይዞ «መርዘው ገደሉብኝ» አለ። የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹም አበጋዝም አውጫጭኝ አወጁ። የአገሩ ሥርዓት እንደሚያዘው፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወንድ ሴት፣ እረኛ አራሽ ሳይባል ሁሉም ከግራሩ ጥላ ተሰብስቦ በየተራው ይመሰክራል፤ ሳይፈቀድለት የወጣ ሰው ወንጀሉን እንዳመነ ተቆጥሮ ከአገር ይባረራል። እረኞቹም ስለተጠሩ የመንደሩ ከብት እዚያው ማሳ ላይ ያለ ጠባቂ ተለቀቀ።

ዘነቡ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን በአንድ በሬ የምታሳድግ ሴት ናት። ያ በሬዋ እግሩን አሞት ከቤት በመዋሉ ክፉ አላገኘውም፤ ስለዚህም የብዙ ሰው ዓይን ከእርሷ ላይ አርፏል።

«የሁሉም ከብት ሲሰማራ ያንቺ በሬ ብቻ ማነከሱ ይገርማል» አለ ሙሄ።

«እሱን ጠይቀው፤ ያነከስኩት እኔ አይደለሁም።»

ሰው ሳቀ። እርሷ ግን አልሳቀችም። የሞቱት በሬዎች ሲገፈፉ አይታለች፤ ሆዳቸው ከታጨደው ማሽላ ጉቶ ሥር በአዲሱ ዝናብ ባቆጠቆጠ ለጋ ቡቃያ ተሞልቶ ነበር። ድርቅ የጎዳው የማሽላ ቡቃያ ከብት እንደሚገድል አባቷ ሲናገሩ ከልጅነቷ ሰምታለች። አሁን ደግሞ የመንደሩ ከብት ሁሉ በዚያው ቡቃያ ላይ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ከብቱ ከማሳው ይውጣ። የሚገድለው ቡቃያው ነው» አለች።

«የሴቶቹ ተራ ገና ነው» አሏት ጭቃ ሹሙ።

«ሞት ተራ ይጠብቃል?»

«ተቀመጪ። ከዚህ ከወጣሽ መራዧ አንቺ ነሽ።»

ዘነቡ ልጆቿን አሰበች፤ መሬቷንም አሰበች። ሆኖም መቀነቷን አጥብቃ ተነሣች።

«እንግዲያው መራዧን አገኛችኋት፤ ተከትላችሁ ያዙኝ» ብላ ወደ ማሳው ሮጠች።

ሸንጎው ዱላውን ይዞ እየተንጋጋ ተከተላት። ሙሄ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲሰነዝር ግን የጭቃ ሹሙ ላም፣ ቡቃያው ገና ከአፏ ሳይወርድ፣ ከፊቱ ተንገዳግዳ ወደቀች። ዘነቡ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም፤ ከብቱን በጩኸት ወደ ወንዙ ትነዳ ነበር። ሙሄም ለእርሷ ያነሣውን ዱላ ወደ መንጋው አዙሮ ከጎኗ ይነዳ ጀመር። ሌላውም እንዲሁ።

ላሟ ሞተች፤ የቀረው መንጋ ተረፈ። ጭቃ ሹሙ ከበድኗ አጠገብ ቆሙና፣ «ዳኝነቱስ ምን ይሁን?» ሲሉ የሽማግሌዎቹን አንጋፋ አባ ይመርን ጠየቁ።

አዛውንቱ ላብ ያጠመቃትን ዘነቡን በምርኩዛቸው እያመለከቱ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ዳኝነቱን እርሷ ሰጥታዋለች፤ ለልጆቻችሁ ይህንኑ ንገሯቸው፤ ከብቱን ከመርዙ አውጣ፣ መራዡን ኋላ አምጣ።»