ደረጃው ጎን የቆመችው ሚኒባስ

መኪናና ሰው ስለ አንዲት ጥግ መሬት በሚተናነቁበት የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ወቅት ወይዘሮ እልፍነሽ የተባሉ ሴት አረፉ። ከበራቸው ትይዩ ወይዘሮ ዘርፌ ይኖሩ ነበር፤ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱ፣ ከሟቿ ጋር በአንድ ገበታ የኖሩ።

ግቢው ሌላ ሜዳ ስለሌለው እድሩ ድንኳኑን የሚተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። በዚያ ማለዳም የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ መኪኖቹን ሁሉ አስነሡ። ስንሻው የተባለው ሹፌር ሚኒባሱን ይዞ ማረፊያ ሲያጣ፣ «ምን ያዞርሃል? ደረጃው ጎን አስጠጋት!» አሉት።

ደረጃው ጎን ያለችው የዊልቸር መውረጃ ናት። ስንሻው መውረጃዋን አየ፤ ወይዘሮ ዘርፌም ትዝ አሉት። «ለአፍታ ነው» ብሎ ኅሊናውን ደለለና አቆመ። ድንኳን ሲወጥር፣ የሬሳ ሣጥን ሲሸከም አፍታው ረዘመ፤ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ፣ ስልኩን እንደዘጋ ወደ ቀብር ሄደ።

ወይዘሮ ዘርፌ ጥቁር ለብሰው ብቅ ሲሉ ሚኒባሷ እንደ ግንብ ተገትራ ጠበቀቻቸው። ዘበኛው ጋሽ ለሚ እየሮጠ መጣ።

«እትዬ፣ አዝዬ ላውርድዎት!»

«እንደ ጆንያ ታዝዬ እልፍነሽን አልሸኝም። ተወኝ አልኩህ!»

ተዋቸው። ቀብሩም ያለ እርሳቸው ተፈጸመ።

ከቀብር መልስ ስንሻው ከሁሉ አስቀድሞ ሚኒባሷን አነሣ። ወይዘሮ ዘርፌ ወርደው ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጡ አቶ ሽብሩ፣ ጋሽ ለሚና ስንሻው ከፊታቸው ቆሙ።

«ትእዛዙ የእኔ ነው» አሉ አቶ ሽብሩ። «እሱ ታዘዘ እንጂ ምን አጠፋ? ለሐዘንተኛው ቦታ ሳመቻች እርስዎም ሐዘንተኛ መሆንዎን ረሳሁ።»

«በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ለሚ። «ቁጣዎን ፈርቼ ተውኩዎት። ቢሰድቡኝም መሸከም ነበረብኝ።»

ስንሻው ጠጋ አለ። ያች መውረጃ ስትሠራ አሸዋ ያቀበለው እርሱ ነበር።

«እኔ አልረሳሁዎትም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ትዝ እያሉኝ ነው ያቆምኩት።»

ወይዘሮ ዘርፌ ሦስቱንም በየተራ አዩዋቸው። ኋላም፣ «እናንተ ደግሞ ጥፋትን እንደ ጠበል ጸዲቅ ትሻማላችሁ!» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሣልስቱ መቃብሯ ዘንድ እሄዳለሁ። ዊልቸሬን የሚገፋው ከሁላችሁ ይልቅ የበደለኝ ይሁን፤ መንገድ ለመንገድ የምነግረው አለኝ» አሉ።

ሦስቱም ባንድነት ወደ ዊልቸሩ እጃቸውን ሰደዱ። ስንሻው እንዲመረጥ ይመኛል፣ እንዳይመረጥም ይፈራል። ሌሎቹም እጃቸውን አልመለሱም።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ፦ በሣልስቱ ማለዳ ያን ዊልቸር መግፋት የሚገባው፣ ላዘዘው ነው፣ ለተወው ነው፣ ወይስ እያወቀ ላቆመው?