ባዶ ያልሆነው ወንበር

ተረት ልጀምር ነው፤ እናንተ ግን ቆማችሁ ስሙኝ። የዛሬዋ ተረት ወንበር አላት፤ ወንበሯ ባዶ መሆኗን ግን ገና አላጣራሁም።

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ እናኑ የምትባል ሴት ከእናቷ ከእማማ ስንዱ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ አባባ ይርዳው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሞቱትም አልጋ ላይ አይደለም፤ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው። ጎረቤት የለቅሶውን ፍራሽ ጠቅልሎ ሲሄድ እማማ ስንዱ ከመሬት አልተነሱም። አንድ አሮጌ ጨርቅ አጥፈው ከሥራቸው አደረጉና እዚያው ወንበሩ እግር ሥር ቀሩ። የመሬቱ ብርድ ወገባቸውን ያዘው፤ ከወገባቸው ወደ ደረታቸው ወጣ፤ ያስላቸውም ጀመር።

"ክረምቱን መሬት ላይ ከከረሙ አይሻገሩትም" አለች ልታያቸው የመጣች ነርስ። ሰኔ ደግሞ ተጋምሷል። እናኑ ፈራች። የምትፈልገው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ እናቷ ከመሬት ተነስተው ወንበር ላይ እንዲቀመጡላት።

"እማዬ፣ የአባዬን ወንበር አዲስ ባደርገው ትቀመጪበታለሽ?"

"ከተቀበለኝ እቀመጣለሁ። ካልተቀበለኝ ከመሬት አልነሳም" አሉ እማማ ስንዱ።

እናኑ ወንበሩን ወደ በረንዳ ልታወጣው ብታነሳው ከበዳት። አራት እግርና አንድ መደገፊያ ምን ይከብዳል? እየጎተተች አወጣችው።

"ወንበር ሆይ፣ እናቴን ተቀበልልኝ" አለችው።

"አልቀበልም" አለ ወንበር። "ገላዬ ተልጦ፣ መቀመጫዬ ተቀዶ፣ እንዲህ ሆኜ ሰው አልቀበልም። መጀመሪያ ቀለም ይያዘኝ።"

ወንበር አልቀበልም አለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት አልነሳም አሉ። ምን ይደረግ፤ እናኑ አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ይዛ መጣች።

"ቀለም ሆይ፣ ወንበሩን ያዝልኝ።"

ብሩሹን ነክራ ብታሳርፈው ቀለሙ እየተንከባለለ ወረደ። "አልይዝም" አለ። "አሮጌው ቫርኒሽ ያንሸራትተኛል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅልኝ።"

ቀለም አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀበልም አለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት አልነሳም አሉ። እናኑ ሻካራውን የብርጭቆ ወረቀት አመጣች።

"ወረቀት ሆይ፣ እንጨቱን ፋቅልኝ።"

ወረቀት እሺ ብሎ የወንበሩን እግር ፋቀ፣ መደገፊያውን ፋቀ። ክንድ የሚያርፍበት ግራ እጀታ ላይ ሲደርስ ቆመ። "አልፍቅም" አለ። "እዚህ ላይ እጅ አለ።"

እናኑ ጎንበስ ብላ አየች። የእንጨቱ ብናኝ በወንበሩ ሁሉ ላይ አርፏል። ግራ እጀታው ላይ ግን አንድ መዳፍና አምስት ጣት የሚያህል ቦታ ንጹሕ ነው። እፍ አለችበት፤ ብናኙ ጣቶቹን ዞሮ ሄደ።

ወረቀት አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀበልም አለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት አልነሳም አሉ።

"እጅ ሆይ፣ ልቀቅልኝ" አለች።

"አልለቅም" አለ እጅ። "ባለቤቴ ሳይነሳ እኔ ብቻዬን ወዴት እሄዳለሁ?"

ቀትር ላይ ነው፤ ግን ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ በረንዳው ላይ ደርሷል። ወንበሩ ዘንድ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለና የተቀመጠ ሰው የሚያህል ቦታ ትቶ አለፈ። እጅ አልለቅም አለ፣ ወረቀት አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀበልም አለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት አልነሳም አሉ። እናኑ ወደ ኋላ አለች። ቢሆንም የእናቷ ሳል ከውስጥ ይሰማታል።

"አባዬ፣ እባክዎ ይነሱልኝ።"

"አልነሳም" አሉ አባባ ይርዳው፤ ድምፃቸው የመጣው ከእንጨቱ ውስጥ ነው። "ጉልበቴ ከደከመ ወዲህ ለዳኛም ለቄስም ተነስቼ አላውቅም። እሜቴ ሲገቡ ብቻ ነው የምነሳው።"

እሜቴ የሚሉት እናታቸውን ነው። እሳቸው ደግሞ ከልጃቸው ሁለት ዓመት ቀድመው ተቀብረዋል። የሞተ ሰው ከየት ይጠራል? ከእሜቴ የቀረ ነገር ቢኖር የክብር ቀን ካባቸው ነው፤ የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ከጥንት ለስላሳ ከፋይ ጨርቅ የተሰፋ። እናኑ ሮጣ ሳጥኑን ከፈተች፤ የለም። ቁምሳጥኑን ከፈተች፤ የለም።

"ካባ ሆይ፣ ወዴት ነህ? ናልኝ።"

"አልመጣም" አለ ካባ፣ ከወደ መሬት። "ሰው ተቀምጦብኛል።"

ለካ እማማ ስንዱ ሦስት ዓመት አጥፈው የተቀመጡበት ጨርቅ እሱ ኖሯል። እንግዲህ ካባ አልመጣም አለ፣ አባባ አልነሳም አሉ፣ እጅ አልለቅም አለ፣ ወረቀት አልፍቅም አለ፣ ቀለም አልይዝም አለ፣ ወንበር አልቀበልም አለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት አልነሳም አሉ። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ይባል የለ፤ እናኑን ያስፈራት የምሳሌው ሁለተኛ ግማሽ፣ መሬቱ ነው። እናቷ አጠገብ ተቀምጣ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

እማማ ስንዱ ዓይናቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ። ከዚያ "ድምፃቸውን ሰማሽው?" አሉ።

"ሰማሁ።"

"እኔን ጠየቁ?"

"አልጠየቁም፣ እማዬ።"

"እኔ እኮ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነው እዚህ የምቀመጠው" አሉ እማማ ስንዱ፤ ከፋቸው።

"አንድ ስንዝር ብቻ ብድግ በይልኝ። ከዚያ ወዲያ አልለምንሽም።"

እማማ ስንዱ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው አንድ ስንዝር ብድግ አሉ። እናኑ ካባውን ሳበችው። ትከሻና ትከሻውን ይዛ፣ ሰው እንደለበሰው ከፍ አድርጋ፣ ወደ በረንዳው ወጣች። እናቷም መቃኑን ተደግፈው ተከተሏት።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

"ኖር" አለ የአባባ ይርዳው ድምፅ፤ አሁን ከቆመ ሰው ቁመት ልክ ነው የመጣው።

ኖር የተባለ ሰው "በእግዜር፣ ይቀመጡ" ይላል። ካባው ግን አፍ የለውም። ጭጋጉ ቆሞ መልስ ጠበቀ።

"በእግዜር" አሉ እማማ ስንዱ በእሜቴ ፈንታ።

ቀሪዋ ቃል ምላሳቸው ላይ ደረሰች። በዕድሜያቸው ሙሉ ለተነሳ ሰው ሳይሏት ቀርተው አያውቁም። ይቀመጡ ካሉ አባባ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ እሳቸውም እግራቸው ሥር ይከርማሉ። እናኑ የእናቷን ከንፈር እያየች ትንፋሿን ያዘች።

"በእግዜር" ብለው ደገሙ። "ይሂዱ እንግዲህ። እኔ ደህና ነኝ።"

እንባቸው ወረደ። የግቢው በር ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያማ ካባ መጣ፣ አባባ ተነሱ፣ እጅ ለቀቀ፣ ወረቀት ፋቀ፣ ቀለም ያዘ። እናኑም ከፋዩን መቀመጫው ላይ ወጥራ በትንንሽ ሚስማር መታችው። ወንበር ተቀበለ፣ እማማ ስንዱም ከመሬት ተነሱ። ሐምሌ ሲገባ ሳላቸው ቀለለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል፣ እናኑ እየሰፋች እማማ ስንዱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ኖር" አሉ። እናኑ ወደ በሩ ዞረች፤ ማንም የለም። መልስም አልሰማችም። እናቷ ግን ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ ከፋዩን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ ቀስ ብለው መልሰው ተቀመጡ። እናኑ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ማንም ይሁን ማን፣ ተቀመጪ እንዳላቸው ገብቷታል።

ተረቴ አለቀች። ቆማችሁ የሰማችሁ አሁን ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ግን ባዶ መሆኑን በእጃችሁ ዳብሱ።