እርሾ የሚለየው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው እርሾ መለየት ነው። አትሳቁ፣ ምእመናን! ዳቦውን የሚነፋው፣ ጠላውን የሚያፈላው ያ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ዓይነቱ ብዙ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ግን ብዙው ድቡልቡል፣ ብዙው አንድ ይመስላል። ድሮ መልኩን እያዩ ስም ሲያወጡለት ስንት ጊዜ ተሳስተዋል።

ይህ ሰው ግን ዲኤንኤውን አውጥቶ ከምን ከምን እንደተሠራ ይለካል። የሁለት እርሾዎች ልክ በጣም ከተራራቀ «አንድ አይደሉም» ይላል። ቢቀራረብስ? ቢቀራረብም «አንድ ናቸው» ለማለት አይቸኩልም፤ እንደገና ይመረምራል። ተማሪዎቹንም «ሳታውቁ ስም አትስጡ!» እያለ ይቆጣል። ጎበዝ ሰው ነው። አስቀዳሽም ነው፣ እንደ እናንተ።

ለልጁ ለትርሲት ሽማግሌ ተላከ። የላከው የምትወደው ነርስ፣ ይትባረክ ነው። አባት «እስቲ ዘር ይቆጠር» አለ። ደግ! ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ሥርዓታችን ነው። ቆጠራው ከይትባረክ አያት ሲደርስ ግን «ሸክላ ሠሪ ነበሩ» ተባለ።

የአባት ፊት ጠቆረ። «ለነዚያማ የምሰጠው ልጅ የለኝም!»

ትርሲት ከጓዳ ወጣች። «አባዬ፣ ይትባረክን ታውቀዋለህ?»

«ዘሩን አወቅሁ፤ ይበቃኛል።»

«ለእርሾ እንኳ ይህ አይበቃህም ነበር እኮ!»

«ዝም በይ! ሰው ምን ይለኛል?»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ትርሲትም ተከትላቸው ወጣች፤ ያለ አባት ምርቃት አገባች።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቃችሁም። የተናደድሁት በእርሱ ብቻ ነው? በእናንተም ነው! ለእርሾ የሚጠነቀቀውን ያህል እንኳ ለሰው የሚጠነቀቅ ከመካከላችሁ ማን አለ? ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የተሰጠንን ሥርዓት የሰው ማዋረጃ ያደረገው ማነው? ሸክላ ሠሪዎች በሠሩት ድስት ወጥ ትሠራላችሁ፤ ከማዕዳቸው ግን አትቀርቡም። «ዓይናቸው ይበላል» እያላችሁ ልጆቻችሁን ትሸሽጉባቸዋላችሁ። አታፍሩም?

«ሸክላ ሠሪ» ብላችሁ ስትሳደቡ ማንን እንደነካችሁ ታውቃላችሁ? አዳምን ከአፈር ያበጀው እጅ የማን ነው? ጭቃ የነካ እጅ ከተጸየፋችሁ፣ እዚህ ቤት ማንን ፍለጋ መጣችሁ?

ሽማግሌ የመለሳችሁ፣ ጎረቤት የናቃችሁ፣ ሂዱ! መጀመሪያ የእነርሱን ደጅ አንኳኩና ይቅርታ ጠይቁ፤ ከዚያ ወደዚህ ደጅ ተመለሱ።