ድርሻዬን ትቻለሁ ያለው የቅርጫ አለቃ

እማዋይሽ ወላጅ ያጡ ልጆችን የሚረዳ ማኅበር ትመራለች። አንድ ቀን ፊደል ያስቆጠሯት መምህር ዘንድ ሄደችና «የኔታ፣ ማኅበሩ ውስጥ ደመወዝ የማልወስደው እኔ ብቻ ነኝ። አበል እንኳ ነክቼ አላውቅም። ታዲያ ሠራተኞቼ ለምን አያምኑኝም? ከኋላዬ ያሙኛል፤ ሁለቱ ጎበዞች ጭራሽ ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» አለቻቸው። የኔታ ሳቅ አሉና እንዲህ ሲሉ ጀመሩላት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥጋ ነፍሱ ነው። የመንደሩ ሰው በየበዓሉ አዋጥቶ በሬ ይገዛና ቅርጫ ይገባል። ብቻውን በሬ የሚገዛ ሀብታም እዚያ መንደር የለም፤ ቅርጫው ከፈረሰ ብዙው ቤት በዓልን በሽሮ መዋሉ ነው። እንግዲህ ይህን ሰው ቅን ነው፣ አያዳላም ብለው አለቃ አደረጉት። በሬውን መርጦ ይገዛል፣ ያሳርዳል፣ ሥጋውን ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ያስቀምጣል። ከዚያ እያንዳንዱ አባል ጠጠርም ይሁን የእንጨት ስባሪ፣ የራሱን ምልክት ቆብ ውስጥ ይጥላል። አንዱ ሳያይ እያወጣ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ምልክትህ ያረፈበት መደብ ድርሻህ ነው።

አለቃው ግን ገና በመጀመሪያው በዓል «እኔ ዕጣ አልጥልም፤ የከፈልኩበትን ድርሻ ለእናንተ ትቻለሁ» አለ። ሰዉ አጨበጨበለት። ደስ አለው፤ ማን ደስ አይለውም? በሚቀጥለውም በዓል ተወ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። መደቦቹ መበላለጥ ጀመሩ። ተንኮል አልነበረውም፤ ግን የትኛውም መደብ ስለማይደርሰው ልብ ብሎ አያይም። አንዱ ላይ ሥጋው ይበዛል፣ ሌላው ላይ አጥንቱ። አንድ ሽማግሌ «ይቺ መደብ አልሳሳችም?» ቢሉት ቱግ አለ። «እኔ ሳልበላ እናንተን እያበላሁ! ምን ላገኝ ነው የማዳላው?» አላቸው። ከዚያ ወዲህ ማን ይናገረው? ምንም የማይወስድን ሰው መጠየቅ ነውር ሆነ። ፊት ለፊት መናገር ያቃታቸውም ከኋላው ማውራት ያዙ። «ጉበቱን ቀድሞ ያሸሻል» አለ አንዱ። «ቆዳውን ለብቻው ሸጦታል» አለ ሌላው። ሐሰት ነው፤ ምስኪን፣ ቤቱ ጎመን ነው የሚበላው! ፋሲካ ሲደርስ ግማሹ ሰው «ከዚህ በኋላ አንገባም» ተባብሎ ነበር።

የፋሲካ ዕለት መደቡ ተደርድሮ፣ ምልክቱ ሁሉ ቆብ ውስጥ ገብቶ ሳለ የአለቃው ሚስት ከሰው መሃል ብቅ አለች። በዓል በመጣ ቁጥር የጎረቤት ጥብስ እያሸተተች ጎመን መቀንጠስ መሯታል። የቤቷን ቁልፍ ከማተቧ ፈታችና ቆቡ ውስጥ ጣለችው።

«ምን መሆንሽ ነው አንቺ?» አላት።

«ዕጣ መጣሌ ነዋ! ከፍለን የለም እንዴ? አንተ ከፈለግህ ጹም፤ እኔና ልጆችህ ግን ፈስከናል!»

ሰዉ ሳቁን ለቀቀው። አለቃው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ዓይኑ ወደ መደቦቹ ሄደ። ከዳር ያለችው አጥንት ብቻ መሰለችው። «ይቺ ብትደርሰኝስ?» ብሎ ደነገጠ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ዕጣው አይውጣ!» አለና ቢላዋውን አንስቶ ተንበረከከ። ከየመደቡ ቀንሶ ለቁልፉ አንድ መደብ ጨመረ፤ ከዚህ ሽንጥ ቆርጦ ወደዚያ፣ ከዚያ ሻኛ ቀንሶ ወደዚህ አደረገ። ቀና ብሎም «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አላቸው። ከዚያ በፊት ጠይቋቸው አያውቅም። ሁሉም እየተጋፋ «እዚያች ላይ ጨምር፣ ከዚህች ቀንስ» ይለው ጀመር፤ እሱም እንዳሉት አደረገ።

ዕጣው ወጣ። ቁልፉ የት አረፈ መሰለሽ? ቅልጥሟ ወፈር ያለችው መደብ ላይ! ሰውዬው እፍረት ያዘውና «ኧረ ለሌላ ስጡልኝ፣ ሰው ምን ይለኛል!» ብሎ ሊሸሽ ሲል እኚያ ቀድሞ የተቆጣቸው ሽማግሌ ክንዱን ያዙት። «ዕጣህ ነው ልጄ፤ ውሰድ፣ ከልጆችህ ጋር በጤና ብላው» አሉት። ሲተው ያሙት ሰዎች ሲወስድ መረቁት። በሚቀጥለው በዓል ከቅርጫው የቀረ ሰው አልነበረም።

የኔታ ይህን ብለው ወደ እማዋይሽ ዞሩ።

«ሠራተኞችሽ ሥራ በዛብን፣ አበሉ አነሰን ብለው ሲመጡ ምን ትያቸዋለሽ?»

እማዋይሽ አንገቷን ደፋች። «እኔ በነጻ እየሠራሁ እናንተ... እላቸዋለሁ።»

«ይኸው! አንቺም ዕጣሽን ሳትጥይ የምታካፍይ አለቃ ነሽ። መልካም አደረግሽ፤ ግን በመልካምነትሽ አፋቸውን ዘጋሽው። እንደ እነሱ በሁሉም ፊት ደመወዝ ውሰጂ። ያን ጊዜ የእነሱ ሲያንስ ያንቺም ያንሳልና ታዪዋለሽ፤ እነሱም ሊጠይቁሽ ይደፍራሉ። ሰው የሚያምነው ዕጣው ከእሱ ዕጣ ጋር አንድ ቆብ ውስጥ የገባን መሪ ነው።»

እማዋይሽ ፈገግ አለች። «እሺ የኔታ፤ ታዲያ ስንት ልውሰድ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሏት የኔታ። «እነሱን ጠይቂያቸው እንጂ!»