ባሻና የወይዘሮ ዘነቡ ደብዳቤ

ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላውራላችሁ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አንበሳና ጦጣ ብቻ ይነጋገሩ የነበረበት ዘመን አይምሰላችሁ። ዕቃ አፍ ያወጣበት፣ ሽቦ ከሽቦ የሚማከርበት ድሮ ነው። ያላመነ ይተወው፤ እኔም ሲነግሩኝ መጀመሪያ አላመንኩም።

አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። በቤታቸው፣ ከመስኮቱ ሥር፣ አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ሲስተም ከሊኑክስ ዘር ነው። የሊኑክስ ዘር ብዙ ነው፤ ሁሉም ካንድ አባት ይወለዳሉ፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የአቶ ቢያድግልኝ ሲስተም ከወንድሞቹ ሁሉ ያረጀው ነበር። ዕቃዎቹ ባሻ ይሉታል፤ ያለ ፈቃድ ማንንም አያሳልፍማ። አንድ ነገር ሊከፈት ሲል "ማን ነህ? የይለፍ ቃልህን አምጣ" ይላል። አንድ ነገር ሊዘጋ ሲልም ይጠይቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤቱን ጌታ ማን ነህ ሲል ኖረ፤ አንድ ቀን አልታከተውም።

በባሻ ሥር ሦስት ሎሌዎች ነበሩ፤ ማውሱ፣ ፕሪንተሩና ኪቦርዷ። ይህ ተረት የኪቦርዷ ነው። ኪቦርዷ ሥራ ወዳድ ነበረች፤ ከሥራ ብዛት ፊደሎቿ ተፍቀው ግማሾቹ አይነበቡም። አንድ ቂም ግን በሆዷ ነበረ። በአናቷ ላይ ድምፅ የሚጨምሩና የሚቀንሱ ሦስት ቁልፎች አሏት። ባሻ እነዚህን ቁልፎች አያውቃቸውም። ቢጫኗቸው ዝም ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሦስት ቁልፎቿ እንደሌሉ ተቆጥረው ኖሩ፤ ይህም ያንገበግባት ነበር።

በዲስኩ ውስጥ ደግሞ አንድ ደብዳቤ ነበረ። የጻፉት የአቶ ቢያድግልኝ ሚስት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። ወይዘሮ ዘነቡ አልወለዱም። ባላቸው ሩቅ አገር መንገድ ሲቀይሱ አንዲት ጨቅላ ተቀብለው አሳደጉ፤ ስሟንም አይናዲስ አሏት። ማን እንደወለደቻት፣ እናትየዋ የት እንደምትገኝ፣ ለምን እንደሰጠቻቸው ለባላቸው እንኳ አልተናገሩም፤ ለእናትየዋ ምለውላት ነበር። በሽታቸው ሲጠናባቸው ግን ሁሉንም በደብዳቤ ጻፉት። "ልጅቷ ራሷ መጥታ ስትጠይቅ ትክፈተው። አንተ እንዳታነበው" ብለው ባላቸውን አስማሉ። አቶ ቢያድግልኝ አራት ዓመት አላነበቡትም። እጃቸው ስንቴ ሄዶ ስንቴ እንደተመለሰ ኪቦርዷ ታውቃለች።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። ወይዘሮ ዘነቡ የጻፉበት ፎንት፣ የፊደሉ ቅርጽ ማለት ነው፣ ከገበያ የተገኘ አልነበረም። ቀን መቁጠሪያ የሚያትም አንድ ጎረቤታቸው በገዛ እጁ የሣለው ፊደል ነው። ጎረቤትየው ለወይዘሮ ዘነቡ ሰጣቸው፤ እሳቸው ለባሻ ሰጡት፤ ባሻም በደረቱ ውስጥ አኖረው። ከዚያ ጎረቤትየው ሞተ። ያ ፊደል ከባሻ ደረት በቀር በዓለም ላይ የትም አልነበረም።

አንድ ቀን አይናዲስ ለአባቷ ደወለች። ልትወልድ ወራት እንደቀሯት፣ ከማን እንደተወለደች ሳታውቅ መውለድ እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። እናቷ ከአራት ዓመት በፊት የተዉላት ደብዳቤ እንዳለ፣ እሳቸውም እንዳልነኩት ነገሯት፤ ለእሑድ እመጣለሁ አለች። አቶ ቢያድግልኝ ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በጨርቅ መወልወል ጀመሩ።

ሦስቱ ሎሌዎች እንግዳ እንደሚመጣ ሲሰሙ ተሰብስበው መከሩ። ማውሱ፣ እኔ ስሮጥ ባሻ ያዘግማል፣ በሰው ፊት ያዋርደኛል አለ። ፕሪንተሩ፣ እኔን ሁልጊዜ ተራህን ጠብቅ ይለኛል፣ ማንም ሳይቀድመኝ ተራ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ አለ። ኪቦርዷም ሦስቱን ቁልፎቿን አነሳች። ከባሻ ወንድሞች አንድ ወጣት አለ፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሰውን ማን ነህ እያለ አያደክምም ተባባሉ።

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ድሯን አድርታ የምትኖር ሸረሪት ይህን ሰማች።

"እኔ ስንቴ ተጠርጌአለሁ" አለች። "የሚጠርግ ሰው መርጦ አይጠርግም።"

"አንቺ ስለ ድር ቤትሽ አስቢ" አላት ፕሪንተሩ። ሳቁባት።

ረቡዕ ዕለት ማውሱ በስክሪኑ መሃል ድርቅ ብሎ ቆመ። አቶ ቢያድግልኝ ቢገፉት ቢስቡት አልነቃነቅ አለ። "ባሻ አርጅቷል" አለ ማውሱ፤ አቶ ቢያድግልኝም "ይሄ ሲስተም አርጅቷል" አሉ።

ሐሙስ ዕለት ፕሪንተሩ ወረቀት አላመጠና ተፋ። ሦስት ጊዜ ሰጡት፣ ሦስት ጊዜ ተፋ። "ባሻ አርጅቷል" አለ ፕሪንተሩ፤ አቶ ቢያድግልኝም "ይሄ ሲስተም አርጅቷል" አሉ።

ዓርብ ዕለት አቶ ቢያድግልኝ ለልጃቸው "በሰላም ነይ" ብለው ሊጽፉ ተቀመጡ። ኪቦርዷ የመጨረሻዋን ፊደል ያዘችና አልለቅም አለች። ገጹ ከላይ እስከ ታች ይይይይ ብቻ ሆነ። "ባሻ አርጅቷል" አለች ኪቦርዷ። እንዲህ ስትል ትንሽ አፍራ ነበር፤ ግን አለች። አቶ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ሆና መጥታ በዚህ ዕቃ ፊት ስትንገላታ ታያቸው። በቃ፣ ይቀየራል አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣቱ ሲስተም በፍላሽ ተጭኖ መጣ። አቶ ቢያድግልኝ ግድየለሽ ሰው አልነበሩም፤ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ለክተዋል። ደብዳቤውን አስቀድመው በሌላ ፍላሽ ገለበጡት። ሁለት ጊዜ ገለበጡት። ከዚያ ወጣቱን አስነሱት። ወጣቱ እንደገባ ባሻን ጥግ አስያዘውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ያለውን ሁሉ ልጥረገው?

መልሱ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ቁልፉ ደግሞ የኪቦርዷ ነው።

ያን ጊዜ ባሻ ኪቦርዷን ጠራት።

"ሰውየው ደብዳቤውን ይዟል፣ ፊደሉን ግን አልያዘም። ፊደሉ እኔ ደረት ውስጥ ነው። አሁን በቤቱ የሚናገረው ይሄ ልጅ ስለሆነ እኔን የሚሰማኝ የለም። አንዴ እንቢ በይው። እንቢ ካልሽ ሰውየው ይቆማል፣ ያስባል።"

ኪቦርዷ ፊቷን አዞረችበት።

"ለእኔ ብለሽ አይደለም" አላት ደግሞ። "ዘነቡ ያን ደብዳቤ የጻፈችው ባንቺ ላይ ነው። ጣቷን ታውቂዋለሽ።"

ኪቦርዷ ጣቱን ታውቀዋለች። ሆኖም ቂሟ አፏን ቀደመው። "አሥራ ሁለት ዓመት ሦስት ቁልፎቼን ገድለህ ኖርክ" አለችው።

"አላወቅኋቸውም። ይቅር በይኝ።"

"አሁንስ አወቅሃቸው?"

ባሻ መዋሸት ይችል ነበር። እንዲህ ያለ ሰዓት ያልዋሸ መቼ ሊዋሽ ነው? ግን ጠባዩ አልነበረም። "አሁንም አላውቃቸውም" አላት። "ለሦስተኛ ጊዜ ልለምንሽ። እንቢ በይ።"

ዓርብ ዕለት በቀልድ እንቢ ያለችው ኪቦርድ ቅዳሜ ዕለት በቁም ነገር እንቢ ማለት አቃታት። የአቶ ቢያድግልኝ ጣት ወረደ፤ እሷም አሳለፈችው። ባሻ ከነደረቱ ተጠረገ።

ከቀትር በኋላ ቤቱ ሠርግ መሰለ። ማውሱ ከዳር ዳር ይሮጣል። ፕሪንተሩ ተራ ሳይጠብቅ ያትማል። የኪቦርዷ ሦስት ቁልፎች ነፍስ ዘሩ፤ ሲጫኗቸው ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። አቶ ቢያድግልኝ ደስ ብሏቸው ደጋግመው ተጫኗቸው።

እሑድ አይናዲስ መጣች። አባቷ ሁለት ትራስ ከጀርባዋ ደርድረው ወንበሩ ላይ አስቀመጧት፤ ሲስተሙን ትናንት እንደቀየሩላት ነግረው ደብዳቤውን ከፈቱላትና ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደብዳቤው ወዲያው ተከፈተ። ማንም ማን ነሽ አላላትም።

"አባባ" አለች አይናዲስ፤ "ይሄ ምንድን ነው?"

አቶ ቢያድግልኝ ዞሩ። ገጹ ሙሉ ባዶ ሳጥን ነው፤ በሳጥኖቹ መሃል የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የተገለበጠ ነገር። አራት ገጽ እንደዚያ ነው። ዘግተው ከፈቱት፤ ሳጥን ነው። ከአንዱ ፍላሽ አመጡት፤ ሳጥን ነው። ከሌላው አመጡት፤ ያው ሳጥን ነው።

በዕቃዎቹ መካከል ድንጋጤ ሆነ። ኪቦርዷ ወጣቱን ሲስተም አንብብላት አለችው። ይህን ፊደል አልተማርኩም፣ ያልተማርኩት ቦታ ሳጥን አስቀምጣለሁ አላት። ስክሪኑን ለመነችው። እኔ የሰጡኝን አሳያለሁ እንጂ ያሳየሁትን አላስታውስም አላት። ዲስኩን ለመነችው። እኔ ዘንድ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ፊደል የሚያደርገው ባሻ ነበር አላት። ዞራ ራሷን ጠየቀች። የወይዘሮ ዘነቡን ጣት ታስታውሳለች። የት ላይ እንደተንቀጠቀጠ፣ የት ላይ ቆሞ እንደቀረ፣ የት ላይ እንባ እንደተንጠባጠበባት ታስታውሳለች። ምን እንዳለ ግን አታውቅም፤ የእሷ ሥራ መዳሰስ እንጂ ማንበብ አልነበረም።

አይናዲስ ገጹን እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ አባቷን አየቻቸው።

"ትናንት ነው ሲስተሙን የቀየሩት?"

"እንዳትንገላቺ ብዬ ነው፣ ልጄ።"

"አራት ዓመት ሳይነኩት ኖረው፣ እኔ ልመጣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ቀየሩት።"

"አይኔ..."

"አንብበውታል አይደል፣ አባባ? አነበቡትና እንዳላውቀው ፈለጉ።"

አቶ ቢያድግልኝ ማሉ። በሚስታቸው አጥንት ማሉ። ግን ቃሉን የጠበቀ ሰው ቃሉን መጠበቁን የሚያሳይ ወረቀት የለውም። አይናዲስ ደብዳቤው ይታተምልኝ አለች። ፕሪንተሩ አራቱን ገጽ ሳጥን ጥርት አድርጎ፣ አንድ ወረቀት ሳያኝክ አተመላት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ከወራት በኋላ ወንድ ልጅ ወለደች፤ አቶ ቢያድግልኝ የሰሙት ከሰው ነው።

እሳቸው አሁንም ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ይከፍታሉ። "ልጄ" ብለው ይጽፋሉ። ኪቦርዷ የሚሉትን ሁሉ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት ታሳልፍላቸዋለች። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ያጠፉታል።

ተረቴ ይኸው ነው፤ ለዚህኛው ዳቦ አልጠይቃችሁም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። ሽማግሌ ከቤት ስታስወጡ ዕቃውን ቆጥራችሁ ተረከብን አትበሉ። ዕቃውን ማንበብ የሚያውቀው እሱ ብቻ እንደሆነ፣ ከደጅ ሳይወጣ ጠይቁት። ከወጣ በኋላ የጠየቀ፣ መልሱን የሚያገኘው በሳጥን ነው።